ሰው «ዝቅ ካለ» በኋላ መብቱ ለምን በዛ?

አንድ አንባቢ እንዲህ ሲሉ ጠይቀዋል፦ «ኮፐርኒከስ ሰውን ከዓለም መሐል አስወጣው፣ ዳርዊን ደግሞ ከእንስሳ ጋር ደመረው ሲባል እንሰማለን። ሰው እንዲህ ዝቅ ካለ የእኩልነትና የሰብአዊ መብት ነገር የገነነው ለምን ከዚያ ወዲህ ሆነ? የተገላቢጦሽ መሆን አልነበረበትም? ዛሬ ደግሞ ለወንዝ ሳይቀር መብት የሰጡ አገሮች አሉ ይባላል። ይሄስ የምር ነው?»

ደስ የሚል ጥያቄ ነው። የፖለቲካ ፍልስፍና ሳስተምር ይህንኑ የሚጠይቅ ተማሪ አጥቼ አላውቅም፤ ብዙ ጊዜም ከኋላ ወንበር ነው የሚመጣው። መልሴ ረዘም ይላል፤ ታገሡኝ። የእኛ አቆጣጠር መሆኑን ካልተናገርኩ በቀር ዓመቶቹ የፈረንጅ ናቸው።

ከኮፐርኒከስ እንጀምር። «ሰውን አዋረደው» የሚባለው ነገር በየመጽሐፉ ይደጋገማል። ግን ግማሹ ስህተት ነው። በጥንቶቹ ሊቃውንት በአርስቶትልና በቶለሚ ትምህርት ምድር መሐል ላይ መሆኗ እውነት ነው። መሐል ማለት ግን የክብር ቦታ ማለት አልነበረም። መሐል ማለት ታች ነበር። ከባድ ነገር ሁሉ ወርዶ የሚጠራቀምበት፣ የሚሞተውና የሚበሰብሰው ሁሉ የሚኖርበት። የማይበላሸውና ንጹሑ ሰማይ ከጨረቃ በላይ ነው። ጣሊያናዊው ባለቅኔ ዳንቴ ሰይጣንን ያስቀመጠው የት ነው? ልክ ምድር መሐል፣ እምብርቷ ላይ። መሐል መሆን ክብር ቢሆን ኖሮ ክብሩን የወሰደው ሰይጣን ነበር ማለት ነው።

ምድር በፀሐይ ዙሪያ ትዞራለች የሚለው የኮፐርኒከስ መጽሐፍ በ1543 ታተመ። ጋሊሌዮ በቴሌስኮፕ ያየውን በ1610 ሲያሳትም ደግሞ ምድር የዓለም ቆሻሻ መጣያ አይደለችም፣ ከጨረቃ የበለጠ የምታበራ ተጓዥ አካል ናት ብሎ ተከራከረ። ለእሱ ነገሩ ሹመት እንጂ ሽረት አልነበረም። በ1633 ፍርድ ፊት የቆመውም «ሰውን አዋረድክ» ተብሎ አይደለም። ዋናው ጠብ ቅዱስ መጽሐፍን ማን ይተርጉም የሚለው ነበር።

ስለዚህ ምድር የት ተቀመጠች የሚለው ለፖለቲካ ያን ያህል ጉዳይ አልነበረም። ጉዳይ የነበረው ሌላ ነው፤ መሰላሉ።

አሮጌው የዓለም ሥዕል መሰላል ነበር። ከላይ ፈጣሪ፣ ቀጥሎ መላእክት፣ ቀጥሎ ሰው፣ ከዚያ እንስሳ፣ ከዚያ ተክል፣ ከሁሉም በታች ድንጋይ። ዳዊት የሚደግም ሰው ይህን ያውቀዋል፤ መዝሙር 8 ሰውን ከመላእክት በጥቂት ያነሰ፣ በጎችንና በሬዎችን የሚገዛ አድርጎ ያስቀምጠዋል። በመሰላሉ ላይ እያንዳንዱ ነገር ቦታ አለው፤ ቦታውም የተፈጠረበት ዓላማ ነው። አርስቶትል ተክል ለእንስሳ፣ እንስሳም ለሰው ሲባል ነው ያለው ብሏል። ብዙ ሰው ይህንን ያነብና መጽሐፉን ይዘጋል። እዚያው መጽሐፍ ውስጥ፣ ብዙም ሳይርቅ፣ አንዳንድ ሰዎች በተፈጥሯቸው ባሪያ ናቸው ይላል። ወንድ ሴትን የሚገዛውም በተፈጥሮ ነው ይላል። ሰውን ከበሬው በላይ ያደረገው ሐሳብና ጌታውን ከባሪያው በላይ ያደረገው ሐሳብ አንድ ነው። ጠያቂዬ፣ የጥያቄዎ ቁልፍ ያለው እዚህ ነው። መሰላሉ ሰውን ከፍ አድርጎት ነበር። ሁሉንም ሰው ግን አይደለም።

ይህ የመጽሐፍ ወሬ ብቻ ሆኖ አልቀረም። በ1550 የስፔኑ ንጉሥ ቻርልስ አምስተኛ በአሜሪካ አዲስ ወረራ ለጊዜው እንዲቆም አዘዘ። ከዚያ ሊቃውንትን ቫያዶሊድ በተባለች ከተማ ሰበሰበ። ጥያቄው እነዚህን ሕዝቦች በጦር ማስገበር ይገባል ወይ የሚል ነበር። ሴፑልቬዳ የተባለው ሊቅ አርስቶትልን ጠቅሶ እነዚህ ሰዎች በተፈጥሯቸው ለመገዛት የተፈጠሩ ናቸው አለ። የዶሚኒካኑ መነኩሴ ባርቶሎሜ ዴ ላስ ካሳስ ተነሣና አምስት ቀን ሙሉ ጽሑፉን አነበበ። ከተማ አላቸው፣ ሕግ አላቸው፣ አእምሮ አላቸው አለ። ዳኞቹ የጋራ ውሳኔ ሳይሰጡ ተበተኑ።

ላስ ካሳስን አከብረዋለሁ። ግን ልብ በሉ፣ መሰላሉ ይፍረስ አላለም። «እነዚህም እኛ ያለንበት እርከን ላይ ናቸው» ነው ያለው። በወጣትነቱማ የአሜሪካ ተወላጆች እንዲያርፉ አፍሪካውያን ባሪያዎች ይምጡ ብሎ መክሮ ነበር። ኋላ አጥብቆ ተጸጸተ። መሰላል ላይ ቆሞ ፍትሕ መፈለግ እንዲህ ነው፤ አንዱን ከፍ ሲያደርጉት ሌላው ከሥር ይገኛል።

ከሳይንስ በፊት የእኩልነት ሐሳብ አልነበረም እያልኩ አይደለም። በ1381 የእንግሊዝ ገበሬዎች ሲያምፁ ጆን ቦል የሚባል ቄስ «አዳም ሲቆፍር፣ ሔዋን ስትፈትል፣ ባላባቱ ያኔ ማን ነበር?» እያለ ይሰብክ ነበር። እንዲህ ያለ ጥያቄ ለመጠየቅ ቴሌስኮፕ አያስፈልግም። ግን ቦልን በዚያው ዓመት በሞት ቀጡት፤ ገበሬውም ወደ ጌታው ተመለሰ። ሐሳቡ ነበረ፤ ሐሳቡን ተቀብሎ ባላባቱን «እስቲ መልስ» የሚል ሸንጎ ግን አልነበረም።

አሁን ወደ ዋናው ሰውዬ እንምጣ፤ ወደ እንግሊዛዊው ፈላስፋ ቶማስ ሆብስ። ሆብስ የጋሊሌዮ አድናቂ ነበር። ከአዲሱ ፊዚክስ የወሰደው የምድርን ቦታ አይደለም። የወሰደው ተፈጥሮ ውስጥ ያለው የሚንቀሳቀስ ቁስ ብቻ ነው፣ ዓላማም ማዕረግም የለም የሚለውን ነው። ድንጋይ የሚወድቀው ቦታውን ናፍቆ አይደለም። እንደዚሁ አንዱ ሰው ለመግዛት፣ ሌላው ለመገዛት አልተወለደም። ታዲያ ሰዎች እኩል የሆኑት በምንድን ነው? የሆብስ መልስ ደስ አይልም። ከሁሉ ደካማ የሆነው ሰው እንኳ ከሁሉ ጠንካራ የሆነውን ሊገድል ይችላል፤ በተንኮል ወይም ከሌሎች ጋር ተባብሮ። እኩልነታችን ይህ ነው አለ። ስለ መልክአ እግዚአብሔር ወይም ስለ ክብር አንድ ቃል የለበትም። መገዳደል መቻል ብቻ።

ሆብስ ይህን ያለበት መጽሐፍ፣ «ሌቫያታን»፣ የወጣው በ1651 ነው። እንግሊዞች የንጉሣቸውን የቻርልስ ቀዳማዊን አንገት የቀሉት ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ በ1649 ነበር። ሆብስ ከንጉሡ ወገን ነው፤ ፍጹም ሥልጣን ያለው ገዢ ያስፈልጋል ባይ። እንዲያም ሆኖ ንጉሣውያኑ ጠሉት። በ1683 የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ፣ ያ የንጉሣውያን ምሽግ፣ መጽሐፎቹን አቃጠለ። ለምን? ምክንያቱም ገዢው ፍጹም ነው ቢልም ሥልጣኑን ያመጣው ከታች ነው። ሰዎች ስለፈሩ ተስማሙ፤ ስለተስማሙ ገዢ ኖረ። ነገ ደግሞ ገዢው ካልጠበቃቸው የመታዘዝ ግዴታቸው ያከትማል። አንድ ጊዜ ይህን ካልክ ንጉሡ «እኔ ማን እንደሆንኩ ታውቃለህ?» ማለት አይችልም። «ምን ትሠራልኛለህ?» ይባላል።

ፍርድ ቤት የሚመላለስ ሰው «የማስረዳት ሸክም» የሚባለውን ያውቃል። ከሳሽ ነው ተከሳሽ ማስረዳት ያለበት? ጉዳዩ ብዙ ጊዜ የሚወሰነው እዚያ ላይ ነው። ስለ ሰው ቦታ ያለው ሐሳብ ሲቀየር በፖለቲካ ውስጥ የሚቀየረውም ይሄው ነው ባይ ነኝ። በመሰላሉ ዘመን የሚያስረዳው አልገዛም ያለው ሰው ነበር። መሰላሉ ሲወድቅ የሚያስረዳው እገዛለሁ ያለው ሆነ። የመብት ወሬ የበዛው በዚህ ምክንያት ነው። ሰው ስለተዋረደ ወይም ስለከበረ አይደለም።

ሌላው እንግሊዛዊ ፈላስፋ ጆን ሎክ ይህንን አለሰለሰው። በዘመኑ ሮበርት ፊልመር የሚባል ሰው ነገሥታት ሥልጣናቸውን ከአዳም አባትነት ወርሰዋል ብሎ የጻፈው መጽሐፍ ይነበብ ነበር። ሎክ አንድ ሙሉ ድርሳን ያዋለው ያንን ለማፍረስ ነው። ከአዳም እስከ ዛሬው ንጉሥ የዘር ሐረጉን እስቲ አሳዩኝ አለ።

ይህ ክርክር ለእኛ አገር ሰው ሩቅ መሆን የለበትም። የ1948 ዓ.ም. (የእኛ አቆጣጠር) ሕገ መንግሥት የንጉሠ ነገሥቱን የዘር ሐረግ እስከ ሰሎሞንና ንግሥተ ሳባ ያደርሳል። በንጉሣዊ ደማቸውና በተቀቡት ቅብዐት ምክንያት አካላቸው የተቀደሰ፣ ሥልጣናቸውም የማይነካ ነው ይላል። እዚያው ሰነድ ውስጥ ደግሞ የዜጎች መብት ተዘርዝሯል፤ በሕዝብ የሚመረጥ ምክር ቤትም አለ። ፊልመርና ሎክ አንድ ጥራዝ ውስጥ ተኝተው ነበር ማለት ነው። ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ በ1967 ዓ.ም. መባቻ፣ ዘውዱ ወረደ። የዘር ሐረጉን ስህተት ነው ብሎ ያስረዳ ሰው ስለተገኘ አይደለም። ተማሪው መሬት ላራሹ ሲል፣ በወሎ ረሃብ ሲገባ የዘር ሐረግ መልስ ሊሆን አልቻለም።

ሎክን ግን ቅዱስ አናድርገው። በተፈጥሮ ሁሉም ነጻ ነው ያለው ይኸው ሰው በባሪያ ንግድ ኩባንያ ውስጥ አክሲዮን ነበረው። በ1669 በአሜሪካ የካሮላይና ቅኝ ግዛት መተዳደሪያ ሲረቀቅ የቅኝ ግዛቱ ባለቤቶች ጸሐፊ እሱ ነበር። መተዳደሪያው ነጻ ሰው በጥቁር ባሪያው ላይ ፍጹም ሥልጣን አለው ይላል። መሬትን ያላረሰ አልያዘውም የሚለው ሐሳቡም የአሜሪካ ተወላጆችን መሬት «ባዶ» ለማለት ጠቀመ።

በዚህ ጉዳይ እኛም ጣት ለመቀሰር አንመችም። ፍትሐ ነገሥት በ13ኛው ክፍለ ዘመን የግብፅ ክርስቲያኖች ካዘጋጁት የዐረብኛ ሕግ ወደ ግዕዝ የተመለሰ ነው። ስለ ባርነት በሚናገርበት አንቀጽ በተፈጥሮ ሕግ ሰዎች ሁሉ ነጻ ናቸው ይላል። ነገር ግን ጦርነትና የፈረስ ኃይል አንዱን ለሌላው አገልጋይ አድርጎታል ብሎ ይቀጥልና ባሪያ እንዴት እንደሚያዝ ይደነግጋል። አስቡት! ሎክ ከመወለዱ በፊት «በተፈጥሮ ሁሉም ነጻ ነው» የሚል መጽሐፍ በእጃችን ነበር። ባርነት በአዋጅ የተሻረው ግን በ1934 ዓ.ም. (የእኛ አቆጣጠር) ነው። ጣሊያንም በ1935 በፈረንጅ፣ ሊወርረን ሲመጣ ይህንኑ ሰበብ አድርጎ ጄኔቫ ለነበረው የመንግሥታቱ ማኅበር አቅርቦታል። ሐሳብ ብቻውን ሰው ነጻ አያወጣም፤ የሚጠቀምበት የተጨቆነ ሰው እጅ መግባት አለበት።

እጅ ሲገባ ምን እንደሚሆን ማየት የፈለገ የያኔዋን የፈረንሳይ ቅኝ ግዛት ሄይቲን ይመልከት። ፈረንሳዮች በ1789 ሰዎች ነጻና በመብት እኩል ሆነው ይወለዳሉ ብለው አወጁ። በጊዜው የካሪቢያን ስኳር በባሪያ ላብ ይመረት ነበር፤ የአዋጁ ባለቤቶችም ያ እንዲቆም አላሰቡም። ባሪያዎቹ ግን በነሐሴ 1791 ተነሡ። ፓሪስ በ1794 ባርነትን ሻረች። ናፖሊዮን በ1802 መለሰው። ሄይቲ ጦሩን አሸንፋ በጥር 1804 ነጻነቷን አወጀች። ፈረንሳይ በ1825 ለእውቅናው ብቻ 150 ሚሊዮን ፍራንክ ካሳ ጠየቀቻት፤ የካሳው ምክንያት የቀድሞ ባለንብረቶች ያጡት ሀብት ነው። ከሀብቱ መካከል ሰዎቹ ራሳቸው ነበሩበት። ሴቶችም ያንኑ አዋጅ አንስተው «እኛስ?» አሉ። ኦላምፕ ደ ጉዥ በ1791 የሴቶችን የመብት መግለጫ ጻፈች፤ በ1793 በጊሎቲን ተገደለች።

እዚህ ላይ «ዘርዓ ያዕቆብንስ ምነው ረሳኸው?» የሚል አይጠፋም። አልረሳሁትም። ሐተታው ሰው ሁሉ በእግዚአብሔር ፊት እኩል ነው ይላል፤ ሰውን እንደ እንስሳ መሸጥን ይነቅፋል፤ ባልና ሚስትን በጋብቻ እኩል ያደርጋል። ጽሑፉ ራሱን በ17ኛው ክፍለ ዘመን ያስቀምጣል። ቅጂው ለአውሮፓ የተላከው ግን በ1850ዎቹ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ በተባለ ጣሊያናዊ ሚሲዮናዊ በኩል ነው። ኮንቲ ሮሲኒ በ1920 የጻፈው ሚሲዮናዊው ራሱ ነው አለ፤ ክላውድ ሰምነር ደግሞ ኢትዮጵያዊ ነው ብሎ ለረጅም ዘመን ተከላከለ። ክርክሩ አልተዘጋም። ስለዚህ መልሴን እሱ ላይ አልመሠርትም።

አሁን ዳርዊን። ሰውን ከእንስሳ የደመረው የመጀመሪያው እሱ አይደለም። ስዊድናዊው ሊኒየስ በ1735 ሰውን ከዝንጀሮ ጋር አንድ መደብ ውስጥ አስቀምጦት ነበር። ሊኒየስ እንዲያውም ሰውን በአራት አህጉር ከፋፍሎ ለየወገኑ ጠባይ ሰጠው፤ አውሮፓዊውን ብልህ፣ አፍሪካዊውን ሰነፍ አድርጎ። አያችሁ፣ ከሰማይ የወረደው መሰላል በሙዚየም ቤት በኩል ተመልሶ ገባ።

የዳርዊን ነገር ግን የተጣመመ ነው። ቤተሰቡ ፀረ ባርነት ነበር፤ እሱም ባርነትን ይጸየፍ ነበር። በዘመኑ አሜሪካ ውስጥ የሰው ዘሮች ለየብቻ የተፈጠሩ የተለያዩ ፍጡራን ናቸው የሚሉ ምሁራን ነበሩ። በ1871 ያወጣው መጽሐፍ ሁሉም ሰው ከአንድ ግንድ ነው ብሎ ይህንን ናደው። ለእኩልነት ትልቅ ድል ነው። ዘመዱ ፍራንሲስ ጋልተን ግን ከዚያው ሳይንስ ተነሥቶ የተሻለው ዘር ይራባ፣ የደከመው ይገታ የሚል ትምህርት አቆመ። ኢንዲያና በ1907 ሰዎችን በግዴታ የማምከን ሕግ አወጣች። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1927 እንዲህ ያለውን ሕግ በስምንት ለአንድ ድምፅ አጸደቀ። ናዚዎች በሐምሌ 1933 የራሳቸውን አወጡ። በሌላ በኩል ሩሲያዊው አናርኪስት ክሮፖትኪን በ1902 ያንኑ ዳርዊንን ይዞ እንስሳት የሚኖሩት በመረዳዳት ነው፣ ሰውም ያለ መንግሥት በመረዳዳት መኖር ይችላል አለ። አንድ ሳይንስ፣ ሁለት ተቃራኒ ፖለቲካ። ሰውን ከእንስሳ መደመር በራሱ ወዴትም አይወስድም። ከጋልተን ወገን የሆኑት ያደረጉት የማስረዳት ሸክሙን መልሰው ደካማው ላይ መጫን ነው፤ «ልውለድ የምትለው አንተ ማን ነህ?» ማለት።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የዓለም መንግሥታት ፓሪስ ላይ ተሰብስበው ታኅሣሥ 10 ቀን 1948 ሁለንተናዊ የሰብአዊ መብቶች መግለጫን አጸደቁ። 48 አገሮች ደገፉ፣ ኢትዮጵያ አንዷ ናት። ስምንት ድምፅ ተዐቅቦ አደረጉ፤ ከነሱ መሐል አፓርታይድን ገና የጀመረችው ደቡብ አፍሪካ አለች። እኔን ሁሌም የሚገርመኝ ረቂቁ ላይ የተደረገው ክርክር ነው። አንደኛው አንቀጽ ሰዎች «በተፈጥሮ» አእምሮና ሕሊና አላቸው ይል ነበር። ብራዚል ሰው በእግዚአብሔር አምሳል መፈጠሩ ይግባበት አለች። የቻይናው ፔንግ ቹን ቻንግ ይህ የሁሉም ሕዝብ እምነት አይደለም ብሎ ተቃወመ። በመጨረሻ ብራዚል ሐሳቧን ተወች፤ «በተፈጥሮ» የሚለውም ወጣ። ስለ ሰው ቦታ አንድም ነገር ሳይባል ክብሩና መብቱ ተጻፈ። ፈረንሳዊው ፈላስፋ ማሪታን በዚያው ሰሞን በመብቶቹ ተስማምተናል፣ ለምን ብሎ የሚጠይቀን እስከሌለ ድረስ የሚል ቀልድ አዘል ወሬ ይነግር ነበር። አንዳንድ ባልደረቦቼ ይህንን እንደ ጉድለት ያዩታል። እኔ እንደ ብልሃት ነው የማየው። ሸክሙ የት እንዳለ ግልጽ ነው፤ ሰውን የሚያስር፣ የሚያሰቃይ፣ የሚከለክል ያስረዳ።

የወንዙ ነገር ቀረ። አዎ፣ የምር ነው፤ ግን እንደ አገሩ ነው። ኒውዚላንድ በ2017 የዋንጋኑይ ወንዝን ሕጋዊ ሰው አድርጋ አወጀች። የአገሩ ተወላጆች የሆኑት የማኦሪ ጎሳዎች ስለ ወንዙ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ሲከራከሩ ኖረዋል። ስለ ወንዙ የሚናገሩ ሁለት ሰዎች ይሾማሉ፤ አንዱን መንግሥት፣ አንዱን ጎሳዎቹ ይመርጣሉ። ለወንዙ ጤና ተብሎም 30 ሚሊዮን የኒውዚላንድ ዶላር ተመደበ። በዚያው ዓመት ሕንድ ውስጥ የኡታራካንድ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ጋንጀስን ሕጋዊ ሰው ነው ሲል የክልሉ መንግሥት ራሱ ይግባኝ ብሎ ሄደ። ወንዙ ሞልቶ ሰው ቢገድል፣ ቤት ቢያፈርስ ማን ይከሰሳል ብሎ ጠየቀ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም ውሳኔውን አገደው።

ኢኳዶር ደግሞ በ2008 ሕገ መንግሥቷ ተፈጥሮ የመኖር መብት አላት አለች። ብዙዎች ጌጥ ነው ብለው ነበር። በ2021 የአገሪቱ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ሎስ ሴድሮስ በተባለ ደን ውስጥ የተሰጠውን የማዕድን ፍለጋ ፈቃድ ሻረ። ደኑ ይጎዳል ብለው ነዋሪዎቹ እርግጠኛ ማስረጃ እንዲያመጡ አልጠበቀም፤ የጉዳቱ አደጋ ከባድና የማይመለስ ከሆነ መንግሥት አስቀድሞ መጠንቀቅ አለበት አለ። የማስረዳት ሸክሙ እንደገና ቦታ ቀየረ፤ ይህን ጊዜ ቆፋሪው ላይ። ጎን ለጎን ኢኳዶር ዛሬም ከነዳጅ ገቢዋ ትኖራለች፤ አዳዲስ የቁፋሮ ፈቃድ የሚሰጠውም ያው ሕገ መንግሥት ያቆመው መንግሥት ነው።